የረጅሙ እግር

ስሙን ማን ያውቀዋል፤ እኛ «ረጅሙ» ነው የምንለው፣
ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ሙሐረቅ ቤቶች የሚዘልቀው፤
ቅንድቡ ጥማድ በሬ፣
ጥርሱ የእሸት በቆሎ ፍሬ፣
ፀጉሩን በጣቱ ወደ ኋላ ሲመልሰው
አስካለ ሳህን እንደያዘች፣ ከኩሽና በር፣ «ወይኔ» እያለች የምታየው።

እኔ ግን የማየው ድምፁ ጠፍቶ ነው፤
ሕፃኑ ክንዴ ላይ እንዳይነቃ፣ ማዳም ናት የምትገድለው።
አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ እንደ ዓሣ፤
የሚቀረኝ ትከሻ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ አንገት ሲነሣ።

በወር አንድ ዓርብ ግን፣ ባብ አል ባህሬን ጥላ ሥር፣
ከሻንጣ ሱቆቹ መሐል ሲጀመር ያ ክርክር፣
ዘቢባ «ያፈቅራታል! እንባው ሳይወርድ እዚያው ሲቀር
አላያችሁም? ይህ ውሃ ከውሸት ምንጭ ይቀዳ ነበር?»
ትብለጽ ስለ አገጩ ስርጉድ ነው ሁሌ የምታወራ፣
«እፍኝ ጤፍ ይበቅልበታል፣ የደፈረ ሰው ቢዘራ!»

«ዓይን ቅጥር ነው» አልኳቸው፣ «እንባም ቢሆን በደመወዝ፤
እግሩን እዩ። እሷን አቅፎ፣ ወደ በሩ ነው የጫማው ጫፍ ሲጓዝ።»
ሳቁብኝ። በሚቀጥለው ክፍል ሻንጣውን አንጠልጥሎ
ሄደ፣ ያቺን ቆንጆ ደረጃ ላይ ጥሎ።
ከዚያ ወዲህ ስሜ «ጠንቋይዋ» ሆኖ ቀረ፤
በድምፅ መልእክት ይጠይቁኛል፦ ማን ዋሸ፣ ማን አፈረ።

ጥንቆላ አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት
ዓረብኛ የግድግዳ ድምፅ ነበር፣ ቃል የሌለበት።
ማዳም ቁልፏን ጠረጴዛ ላይ ከወረወረች፣ ሰላም ውላለች፤
ቀስ አድርጋ ካስቀመጠች ግን፣ ከደጅ ተጣልታ መጥታለች።
አምባሯን ወደ ክርኗ ከሰበሰበች ልትቆጣ፣
ባባ ሁለት ጊዜ ከሳለ እንግዳ ሊመጣ።
ከቃል በፊት አንገቴን ደፋሁ፣ ከቃል በፊት ሮጥኩ፤
መዝገበ ቃላቴን ከሰው ገላ ላይ ለቀምኩ።

ሻዕባን ላይ፣ ለጾሙ ሳምንት ሲቀር፣ ረጅሙ በአካል መጣ፣
አዲስ ሽቶ ሊያሻሽጥ፣ ሲፍ ሰፈር፣ ከትልቁ ሞል፣ እንደ ዕጣ።
አስካለ ከፍራሿ ሥር የደበቀችውን ዲናር
ለከንፈር ቀለም አፈሰሰች፤ «ቢያየኝስ» ስትል ነበር።
ተገፋፍተን፣ ተረጋግጠን፣ ደረስን። አየነው።
አጭር ነው!
ትብለጽ በሳቅ ልትሞት፣ «ቁም ሳጥን የምናጸዳበትን
በርጩማ ብናመጣለትስ፣ ሕዝቡ እንዲያየው ፊቱን!»

ዓይኔ እንደ ልማዱ ወረደ፣ ከጠረጴዛው ጨርቅ በታች፤
ተረከዙ ከጫማው ወጥታ ቁርጭምጭሚቱን ታሻለች፣
ልክ የኔ እንደምታደርገው፣ እኩለ ሌሊት ስተኩስ፣
የባባ ነጭ ቶብ፣ የመጨረሻው፣ እስኪደርስ።
ጥርሱ ይስቃል። ከጎኑ ግን አንድ ሱፍ ለባሽ ሰውዬ
ሰዓቱን አየት ሲያደርግ ትከሻው ክው አለ፤ ወይ ጌታዬ!
ያ ትከሻ የኔ ነው፣ ቁልፉ ቀስ ሲል የሚሸማቀቅ፣ የራሴው ሥጋዬ።
ያን ጊዜ መልኩ ጠፋኝ። ቆንጆ ነው፣ አይደለም፣ ማለት አቃተኝ፤
እንደ ሥራ ባልደረባ «አይዞህ፣ ይመሻል» ልለው ዳዳኝ።

አስካለ ግን እጄን ጨምቃ፣ ላብ በላብ ሆና፣ «አየኝ!
ፈገግ ሲል አይተሻል? ከዚህ ሁሉ ሰው ለየኝ!»
ያየው ከራሷ በላይ ነበር፤ አረንጓዴ የሚበራውን
የመውጫ ምልክት፣ ሯጩን ሰውዬ፣ በሩን።
ምን ልበላት? ሁለት ዓመት ከአራት ወር አንድ ዓይን አይቷት አያውቅም፣
ከትእዛዝ ውጪ። «አዎ» አልኳት፣ «አየሽ፤ አይጠረጠርም።»

በአውቶቡስ ስንመለስ፣ ባሕሩን በድልድይ ስንሻገር፣
ብዙ ቆይታ፣ በመስኮት እያየች፣ ጀመረች መናገር፦
«አንቺ ስትዋሺ» አለች፣ «የሻርፕሽን ጫፍ ትጠቀልያለሽ
በጣትሽ ላይ። አሁንም፣ ይኸው፣ እየጠቀለልሽ።»

እጄን አየሁት፤ ሦስት ዙር ዞሯል ጨርቁ።
እሷ ከንፈሯን አልጠረገችም፣ የድልድዩ መብራቶች እስኪያልቁ።